ሞተር ይሹለክ ወይስ ይሰለፍ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ሞተር ሞተር ይላል። ግማሹ የሞተረኛ ነው፤ ግማሹ ደግሞ በሞተረኛ የተማረረ ሰው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። መኪኖች ተዘግተው ሲቆሙ በመሃላቸው አልፌ ፊት እወጣለሁ። ባለመኪኖቹ ስድብ ያወርዱብኛል። የማንንም ቦታ አልወሰድኩ፣ ምን አጠፋሁ?

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር እንዳይቀላቀልብህ። መኪናው ቆሞ ሳለ ቀስ ብሎ ፊት መውጣት አንድ ነገር ነው። መኪናው እየሄደ በመሃሉ መሹለክ ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያው እከራከርልሃለሁ፤ ለሁለተኛው ግን አልቆምልህም።

የምከራከርልህ እንዲህ ስለሆነ ነው። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመህ ከኋላህ ፍሬን ያልያዘለት ሚኒባስ ቢመጣ፣ የሚጨማደደው ቆርቆሮ ሳይሆን እግርህ ነው። ወደ ፊት ከወጣህ ከዚህ ትድናለህ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ይህንን በፈረንጆቹ 2014 ፈቅዳለች፤ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው ብቻ። በእግረኛው መንገድ ጠርዝና በመኪና መሃል መግባትን ከልክላለች። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በል። እኛ አገር ሚኒባስ ሰው የሚያወርደው በቀኝ በር ነው፤ ረዳቱ በሩን ሲከፍት ወደኋላ አያይም። በዚያ በኩል የሚሹለክ ሞተረኛ ከሚወርድ ተሳፋሪ ጋር ይላተማል።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ትራፊኩ እየተንቀሳቀሰም ቢሆን በመሃል መሄድን በሕግ አስፍራለች። ከዚያ በፊት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አደጋ የደረሰባቸውን ወደ 6,000 ገደማ ሞተረኞች አጥንተው ነበር። በመሃል እየሄዱ ከተጋጩት ጭንቅላታቸው የተጎዳው 9 በመቶ ነው፤ ከሌሎቹ ደግሞ 17 በመቶ። «ይኸው!» እንዳትለኝ። ጥናቱ ያየው የተጋጩትን ብቻ ነው፤ መሹለክ ግጭት ያብዛ ይቀንስ አይነግርህም። እነዚያ በመሃል የሚሄዱት ሞተረኞች ደግሞ ከሌሎቹ የተሻለ ሄልሜት ያደረጉ፣ መጠጥ ያልቀመሱ፣ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ይበዙባቸዋል። ተመራማሪዎቹም ልክ አበጅተውለታል፦ ትራፊኩ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይበልጥ፣ የሞተሩ ፍጥነት ከመኪኖቹ በ24 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ።

ስለዚህ መኪና ከቆመ በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት፣ በግራና በቀኝ እያየህ እለፍ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቦታህን ያዝ። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆምህ ግን ይህን ጽሑፍ አታሳየው። ካሊፎርኒያ ተፈቀደ ማለት ባሕር ዳር ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሞተረኞች አስፋልቱን እኩል የሚከፍለውን መስመር ይዘው ይበራሉ። በግራ አንድ መኪና ይመጣል፣ በቀኝ አንድ መኪና ይሄዳል፣ እነሱ መሃል። ይህም ውጭ አገር ተፈቅዷል ይሉናል። እውነት ነው?

በፍጹም። ውጭ አገር የተፈቀደው ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄዱ መኪኖች መሃል ነው። ፈረንሳይ ለዓመታት ስትሞክረው ቆይታ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ በሕግ ስትፈቅድ፣ መንገዱ መሃሉ በአካፋይ የተለየ፣ በየአቅጣጫው ቢያንስ ሁለት መስመር ያለው እንዲሆን አስገድዳለች። የሞተሩም ፍጥነት ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ።

እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ይህን የሚያሟላ መንገድ ቁጠሩ። ባሕር ዳር ላይ ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓባይ ድልድይ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው፤ እዚያ ጥያቄው ትርጉም አለው። ከደጀን በማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና ግን አብዛኛው አንድ መሄጃ፣ አንድ መምጫ ነው። እዚያ «በመሃል» ማለት ከፊት ከሚመጣው ጋር መፋጠጥ ነው። ሞተሩ በ60 ቢሄድ፣ ኢሱዙው በ60 ቢመጣ፣ የሚቀራረቡት በ120 ነው። አንዱ ጉድጓድ ሲሸሽ ትንሽ መሪ ካዞረ አበቃ።

ከደጀን፦ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ዓባይ በረሃ ስወርድ ሞተረኞች አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይገቡብኛል። በስፖኪዮ አይቼ አልጨርሳቸውም። ምን ላድርግ?

እርስዎ የሚችሉትን እያደረጉ ነው፤ ምክሬ ይልቅ ለሞተረኞቹ ነው። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የበረሃው መንገድ ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው። ስለዚህ በኩርባው ውስጠኛ ጎን ከተሳቢ ጋር የተስተካከለ ሞተር፣ ሲገባ ሰፊ የነበረው ቦታ መሃል ላይ ይጠብበታል። ሹፌሩም አያየውም። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁ እሱም እናንተን አያይም ብላችሁ ያዙት።

ለእርስዎ አንድ ነገር ብቻ፦ ረዳትዎ በእጁ «እለፍ» እያለ ሞተረኛን እንዳይጠራ ይንገሩት። ከፊት ያለውን እሱም በደንብ አያይም።

ከእንጅባራ፦ ለሞተር ከተፈቀደ ለእኛ ለባጃጆችስ?

አይሆንም። የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት እግርም አለው። በመኪና መሃል ከገባ መሹለኩ ቀርቶ መንገድ መዝጋት ነው። የባሕር ዳር ባለሳይክሎችም ይህንኑ ጠይቃችሁኛል፤ የእናንተ መልስ የሞተረኛው ነው፦ የቆመ መኪና ሲሆን፣ ቀስ ብሎ።

ከባሕር ዳር፣ እግረኛ፦ ሚኒባሱ ለእኔ ብሎ ዜብራ ላይ ቆመ። እኔ መሻገር ስጀምር ከጎኑ ሞተር ተወርውሮ ወጣ። አዲስ አበባ እንዳደረገችው ለምን ሞተር ጭራሹን አይከለከልም?

እንኳን ተረፉ። ግን አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ያለ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ያገደችው ከሁሉ በላይ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ ስለበዛባት ነው፤ የመሹለክ ጉዳይ አልነበረም። እዚህ ደግሞ ብዙ ሰው እንጀራውን በሞተር ነው የሚያገኘው፤ የገጠሩ ባለሙያም ቀበሌ ለቀበሌ የሚደርሰው በሞተር ነው። እገዳ አልደግፍም። ዜብራ ላይ ግን ድርድር የለኝም። መኪና ዜብራ ፊት ከቆመ፣ ምክንያቱ ባይታይህም ሞተርህን አቁም። የቆመው ለሰው ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው። ገበያ ቀን በሞተሩ አፈናጦ ይወስደኛል። ሄልሜቱ አንድ ብቻ ነው። ማናችን እናድርገው?

እህቴ፣ ሁለታችሁም። ሁለተኛው እስኪገዛ በእግርሽ ወይም በባጃጅ ሂጂ። በብዙ ጥናቶች ላይ የተሠራ ግምገማ ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን ሄልሜቱ ከናንተ ቀድሞ ይወድቃል።

ገበያ ቀን መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ ጭነት ያዘለ አህያ አለ። አህያ ፍሬቻ አታሳይም፤ ጭነቷም ከጎኗ ወጣ ያለ ነው። ባለቤትሽ በመሃላቸው ልሹለክ ካለ ውረጂና ሞተሩን እየገፋ ይለፍ። በአንድ ጎን አትቀመጪ፤ እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ። ነጠላሽንም ጠቅልለሽ ከወገብሽ እሰሪው፤ የኋላ ጎማው ወይም ካቴናው ከያዘው ጎትቶ ይጥልሻል።