ሰፊ የኋላ ጎማ ለትንሽ ሞተር ሳይክል
በ125 ሲሲ ሞተር ሳይክልዎ ላይ 90/90-18 የሆነውን የኋላ ጎማ በ120/80-18 መተካት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው)። እኔ አልመክርም፤ ዋናው ምክንያት ቸርኬው ነው። የእንዲህ ያሉ ሞተሮች የኋላ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ 1.85 ኢንች፣ ማለትም 47 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ 120 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲገባበት ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተጨምቀው መሬት የሚነካው ገጽ ከመጠን በላይ ይሾላል፤ በመሆኑም ይጨምራል ብለው የጠበቁት መሬት የመቆንጠጥ አቅም አይገኝም፣ በመታጠፊያ ላይም ሞተሩ ይከብዳል። ቁመቱም ቢሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው ጎማ ጎን 81፣ የአዲሱ ደግሞ 96 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የጎማው ዙሪያ 5 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ትንሹ ሞተርም ዳገት ላይ ይህንን ጭማሪ በግልጽ ይሰማዋል። (የፍጥነት መለኪያው ከፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ግን አይዛባም።) መቀየር ካለብዎት፣ ቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ስፋት አንብበው የጎማው አምራች ለዚያ ስፋት ከፈቀደው ሳይወጡ፣ ምናልባት እስከ 100/90-18 ብቻ ይሂዱ። ከገጠሙ በኋላ ካቴናው በትክክል ተወጥሮ ሳለ ጎማው ከካቴናው፣ ከኋላ ሹካው እና ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይነካካ፣ ሰው ጭነውም ጭምር ያረጋግጡ። ካላማዳሪያውም በአዲሱ ልክ መቀየር አለበት።