ጥያቄና መልስ፦ ፍልስፍና፣ ሥነ ምልክትና ኮግኒቲቭ ሳይንስን አጣምሮ ዶክትሬት መሥራት

ዛሬ ማታ ከቡድናችን አባላት ጥያቄዎች የቻልኩትን እመልሳለሁ። ሥነ ምልክት (ሴሚዮቲክስ) ምልክቶች እንዴት ትርጉም እንደሚይዙ ያጠናል፤ ኮግኒቲቭ ሳይንስ ደግሞ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ። አደራ፣ መጀመሪያ የምታጠኑትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የት ነው የሚሰጠው?
መልስ፦ ኢስቶኒያ ውስጥ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሥነ ምልክት ሊቁ ዩሪ ሎትማን ያስተማረበት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የሥነ ምልክት መጽሔት ዛሬም ይወጣል። ስዊድን ደግሞ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮግኒቲቭ ሴሚዮቲክስ የሚባል፣ ሥነ ምልክትን ከአእምሮ ጥናት ጋር የሚያጣምር ክፍል አለ። ግን ከአገር አትነሱ፤ ከጥያቄያችሁ ተነሱ።

ጥያቄ፦ ሦስት መስክ አንድ ላይ መያዝ ሁሉንም በግማሹ መማር አይሆንም?
መልስ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው የምወደው። «ገና ነው» ብዬ ብጽፍልሽ ምን ታነቢያለሽ? «ና»ን ካጠበቅሽው በዓሉ ነው። ካላላሽው ሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ታዲያ ትርጉሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው ወይስ አንባቢው ዘንድ? ይሄ ፍልስፍና ነው። አንድ ጽሕፈት እንዴት ለሁለት ቃል ይቆማል? ይሄ ሥነ ምልክት ነው። አንባቢው የቱ ጋ ሲደርስ ይወስናል? ሲሳሳትስ ዓይኑ ወደ ኋላ ይመለሳል? ይሄ ኮግኒቲቭ ሳይንስ ነው፤ በዓይን መከታተያ መሣሪያ ትለኪዋለሽ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብታወጪ ይጎድላል። እንዲህ ካልሆነ አንዱን መስክ ብቻ ተማሪ።

አንድ አባል፦ ይሄማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው!
ሌላ አባል፦ አይደለም ወንድሜ። በሰምና ወርቅ ባለቅኔው ሁለቱንም ፈልጎ ነው። እዚህ የተፈለገው አንዱ ብቻ ነው።
ሦስተኛ አባል፦ ለምን ማጥበቂያ ምልክት አንጨምርም?
አንድ አባል፦ ፊደላችንን ተዉልን!
መልስ፦ የፊደሉ ክርክር ሌላ ቀን። የሰምና ወርቁ ልዩነት ግን ትልቅ ነገር ነው። ፕሮፖዛል ይወጣዋል፤ እባክህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ስኮላርሺፕስ?
መልስ፦ ስዊድን ውስጥ ዶክትሬት በአብዛኛው ሥራ ነው፤ ደመወዝ አለው። ቦታ ሲከፈት ትወዳደራላችሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄ!

ጥያቄ፦ ሳይኮሎጂ ጨርሻለሁ። ምን ትመክረኛለህ?
መልስ፦ ስለ ምን?
ጥያቄ፦ ስለ ትርጉምና አእምሮ።
መልስ፦ እሱ ርዕስ እንኳ አይሆንም። የምን ትርጉም? የቃል? የሥዕል? የእጅ ምልክት? አንዱን ያዝ።

ጥያቄ፦ የት አገር ይሻላል?
መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተምራለሁ። አዲስ ምልክት ሲፈጥሩ መጀመሪያ የዕቃውን ቅርጽ በእጃቸው ይሥላሉ። እየቆየ ምልክቱ ያጥራል፣ ቅርጹም ይጠፋል። እንዴት ነው ታዲያ የሚግባቡት?
መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄው ነው። ዛሬውኑ ለአማካሪ ላኪው። ያየሻቸውን ምልክቶች ከነቀናቸው መዝግቢ።