በቀይ ያሰመርኩበት «እሱ»

ልጆቼ፣

አዳማ ውስጥ ስንት ዘመን አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። እናንተ ግን ዛሬም ድርሰት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄያችሁ አንድ ሆኗል፤ «ጋሼ፣ ወጣ ያለ አጻጻፍ መሞከር እንፈልጋለን።»

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። አንድ ተማሪዬ ስለ ራሱ ጻፈ። ቤቱ እያለ «በላሁ፣ ሳቅሁ» ይላል። የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ «ገባ፣ ተቀመጠ፣ ዝም አለ» ይላል። በቀይ አሰመርኩበትና «ባለቤትና ግስ አልተስማሙም» ብዬ ከ10 4 ሰጠሁት። ልጁ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚናገር ነበር። ያልተስማማው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እሱ ሳያስበው ያደረገውን ሌሎች አስበው አድርገውታል። አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ልብ ወለድ የአንዲት እናት ሞትና ቀብር በ15 ሰው አፍ ይተረካል። ሟቿ ራሷ አንድ ምዕራፍ አላት! እኛም ዘንድ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትሟል። የተማረው ወጣት እንደ መጽሐፍ ያወራል፣ ባላገሩ በሸዋ አማርኛ ይመልሳል። ማንነታቸውን ከአፋቸው ትለቅማላችሁ። ካስቸገራችሁ አትፈሩ፤ እኔም መጀመሪያ ጊዜ መሃል ላይ ትቼው ነበር።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ማን እንዳደረገውም ከግሱ ጅራት ይታወቃል። «ከባጃጅ ወርዶ፣ ሱቁን አልፎ፣ በሩን አንኳኳሁ» ብትሉ አንባቢ ይደናቀፋል። መንገድ ላይ ሌላ ሰው የነበረው በሩ ላይ ራሱን ሆነ። በአንዲት «ሁ»።

ነጥብና ሰረዝ ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ነጥብ የሌለው ሦስት ገጽ ሰጥታችሁኝ «ገባዎት?» ትላላችሁ። አልገባኝም። እናንተም የገባችሁ አይመስለኝም፣ ይቅርታ።

ይልቅ ጆሯችሁን ከተማው ላይ ጣሉ። አንዱ ናዝሬት ይላል፣ አንዱ አዳማ። ናዝሬት ብሎ ጀምሮ፣ በመሃል ሰው ሲቀላቀል አዳማ ብሎ የሚጨርስም ሰምቻለሁ። የመጣው ማን ነበር? እዚያ ላይ ጻፉ።

ያ ተማሪዬ በሳምንቱ ድርሰቱን አስተካክሎ አመጣ። ከላይ እስከ ታች «እኔ» ነው። 9 ሰጠሁት።