የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስራ ሳልለቅ እንዴት ልጓዝ? እንዴትስ ልጻፍ?

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎች። ባለፈው እትም ስለ ጉዞና ስለ ጉዞ ማስታወሻ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ የመጣው መልእክት ከጠበቅኩት በላይ ነው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለማታውቁኝ፣ እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ከስራ በተረፈችኝ ጊዜ እዞራለሁ ያየሁትንም እጽፋለሁ፣ ይኸው 12 ዓመት ሆነኝ። ሁሉንም በአንዴ መመለስ ስለማልችል ዛሬ አራቱን ልያዝ፣ የቀራችሁ በሚቀጥለው።

«አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስራ ነው፣ ሒሳብ ዘግተን ስንወጣ ይመሻል። እሁድን ቤተክርስቲያን ስሜ ልብሴን ሳጥብ ያልቃል። የዓመት ፈቃዴን ደግሞ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነው የምጨርሰው። መጓዝና መጻፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ነው ግን ስራዬን መልቀቅ አልችልም። ምን ላድርግ?»

እህቴ ስራሽን አትልቀቂ። ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም፣ ደሞዝ ያለው ሰው የትራንስፖርቱንም የምሳውንም ከኪሱ ስለሚችል የማንንም ሆቴል ማድነቅ አይጠበቅበትም፣ ያየውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ይሄ ትልቅ ነጻነት ነው።

መጀመሪያ ፈቃድሽን በደንብ እወቂው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የስራ ቀን አለሽ፣ ከዛ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ ይሄዳል። ከአሰሪሽ ጋር ከተስማማሽ ደግሞ ለሁለት ከፍለሽ መውሰድ ይቻላል፣ ስለዚህ ግማሹን ለቤተሰብ ግማሹን ለራስሽ አድርጊው፣ እናትሽም ቢሆኑ አይቀየሙሽም። ሰኔ 30 ሲቃረብ ባንክ ውስጥ ፈቃድ እንደማይታሰብ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ስለዚህ ጥያቄሽን መስከረም ላይ ጽፈሽ አስገቢ፣ ዘግይቶ የጠየቀ ሰው የተረፈውን ቀን ነው የሚያገኘው። ሌላው ካላንደር ማየት ነው። ለምሳሌ በ2017 ሚያዝያ 23 ሐሙስ ነበር ሚያዝያ 27 ደግሞ ሰኞ፣ አርብና ቅዳሜን ብቻ ፈቃድ የጠየቀ ሰው አምስት ቀን ሙሉ አገኘ ማለት ነው። እኔ አዲስ ዓመት ሲገባ የመጀመሪያ ስራዬ በዓላቱ የትኛው ቀን ላይ እንደሚውሉ አይቶ በእስክርቢቶ ማክበብ ነው።

እስከዛ ደግሞ እሁድ አለ። በወር አንዷን እሁድ ብቻ ስጪኝ። በጠዋት 12 ሰዓት ተነስተሽ የቡታጅራን መንገድ ያዢ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለልሽ፣ በሐምሌ 2016 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ቦታ ነው፣ ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ባልጩት የጥንት ሰው መሳሪያ ሲቀርጽበት የኖረ ድንጋይ እንደሆነ እዛ ስታዪው ነው የሚገባሽ። ትንሽ አለፍ ብሎ ከዋናው መንገድ ገባ ስትዪ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፣ እግረ መንገድሽን ትስሚያለሽ። ቀጥለሽ ጢያ። 36 ትክል ድንጋይ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፣ ከስራቸው መቃብር ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንዱን ድንጋይ እየዞርኩ ጎራዴዎቹን በጣቴ ስቆጥር ጥበቃው አባት መጡና «ልጄ በእጅ አይነካም፣ በዓይን ቁጠሪ» አሉኝ፣ በጣም አፈርኩ፣ ከዛ ግን አጠገቤ ቆመው እሳቸውም አብረው ቆጠሩልኝ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ልዙር አትበዪ፣ አንዱን ብቻ ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ሌሎቹ የትም አይሄዱም። ከመውጣትሽ በፊት ግን መናኸሪያ ሄደሽ የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮቹን ጠይቂ፣ በዚህ ጉዳይ ከሚመላለሱበት ሰዎች በላይ የማምነው የለም። ማታ ቤት ስትገቢ ምንም ቢደክምሽ ሳትተኚ ግማሽ ገጽ ጻፊ። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰልፍ ሲጀመር ግማሹ ከጭንቅላትሽ ይጠፋል፣ እኔ ስንቱን እንደዛ አጥቼዋለሁ።

«ሐረር ሄጄ የጻፍኩትን ጓደኞቼ አንብበው የትምህርት ቤት ድርሰት ይመስላል አሉኝ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ‹ሐረር ጥንታዊትና ታሪካዊት የፍቅር ከተማ ናት። ወደ ከተማዋ ስገባ ልዩ ስሜት ተሰማኝ። የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት እጅግ አስደናቂ ነው።› ምኑ ጋ ነው ስህተቱ? አስተማሪ ነኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

መምህር፣ ስህተት የለውም፣ ችግሩ እሱ ነው። ይሄን ሐረርን ያላየ ሰውም ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። «ሐረር» የሚለውን አውጥተህ «ጎንደር» ብትከትበት ያው ነው፣ አንድም ቃል አይነቃነቅም። እኔ የራሴን ጽሑፍ የምፈትሸው እንደዚህ ነው፣ የከተማውን ስም እቀይርና አነበዋለሁ፣ አሁንም ከሰራ እሰርዘዋለሁ። «ልዩ ስሜት» ብለህ የጻፍክበት ቦታ ላይ አንድ እውነተኛ ነገር አይተሃል እኮ፣ ግን ምን እንደሆነ አልነገርከንም።

ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትገባ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ አልፈህበታል አይደል? ልብስ ሰፊዎቹ በግራ በቀኝ የተደረደሩበት። ስሙ ራሱ ድምጽ አለው፣ የስፌት መኪናው ግር ግር ሲል ነው። እኔ የሄድኩ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ፊት ለፊት ቆሜ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፣ እንዳለ ልገልብጥልህ፦ «ፔዳሉን በባዶ እግሩ ነው የሚረግጠው። ጫማው አጠገቡ ወደ ደንበኛው ዞሮ ተቀምጧል። ሴትየዋ ጨርቁን ሳትገዛ ነው የመጣችው፣ ሱቁ ማዶ ነው፣ ልኩን አይቶ ስንት ሜትር እንደሚበቃት ነገራት ሄዳ አስቆረጠች ተመለሰች። ክር በጥርሱ ይበጥሳል። ሲናገር እግሩ አይቆምም።» በቃ ይሄው ነው። ውብ የሚባል ቃል የለበትም፣ ግን ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ይስቃል፣ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጨርቅ መግዣውና ማሰፊያው ፊት ለፊት መሆኑን ከዚህ ይረዳዋል፣ የመንገዱ ኑሮ እንዴት እንደሚሄድ ማለት ነው። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ እሱን ከዛ በኋላ ብትነግረኝ በደስታ ነው የምሰማህ፣ ምክንያቱም አሁን ግንቡ ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው አለኝ።

ስለዚህ ያንተን ጽሑፍ እንደገና ስትጀምር እነዚህን ለራስህ ጠይቅ፣ ማን አናገረኝ፣ እጁ ላይ ምን ይዞ ነበር፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ሸተተኝ፣ ምን ከፈልኩ። «እንግዳ ተቀባይ» ከምትለን ማን ቤት ገብተህ ምን እንደቀረበልህ ንገረን። የሐረሪ ቤት ገብተህ ከሆነ ያንን ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አይተሃል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት አይተሃል፣ አንተ የትኛው መደብ ላይ ተቀመጥ ተባልክ? እሱ ላይ ሙሉ አንቀጽ አለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስለ ሰው ስትጽፍ አስፈቅድ። ከጥቂት ዓመት በፊት መንገድ ላይ ቡና ያፈላችልኝ ሴት ስለ ቤቷ ችግር አጫወተችኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት ጻፍኩት፣ ስሟን ባላነሳም ሰፈሯን ጠቅሼ ነበርና ጎረቤቶቿ አወቋት። ስመለስ ቡናውን አፈላችልኝ፣ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፣ እሷም ይቅር ብላኛለች፣ ጽሑፉ ግን አንዴ ወጥቷል። ከዛ ወዲህ የሰው ጓዳ የሚነካ ነገር ከሆነ ለባለቤቱ ሳላነብለት አላወጣም፣ ልብስ ሰፊውንም አንብቤለት ነው።

«ዴንቨር ነው የምኖረው፣ ትራክ እነዳለሁ። 48ቱንም ስቴት አዳርሼዋለሁ፣ አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ አንተ እኮ ዓለምን ዞርክ ይሉኛል። እኔ ግን ሃይዌይና ትራክ ስቶፕ ነው የማየው፣ ሁሉም አንድ ነው። ይሄ ጉዞ ይባላል? ልጻፈው ብልስ ጊዜው የት አለኝ?»

ወንድሜ ይባላል እንጂ! እንዳንተ መንገድ ያየ ጸሐፊ ስንት አለ? ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም፣ ስለደከመህ ነው አንድ የመሰለህ። ዋዮሚንግ ላይ በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና ስትሄድ ከላራሚ ወደ ሻየን መሃል ያ ትልቅ የፕሬዚዳንት ሊንከን የጭንቅላት ሐውልት የቆመበት ከፍታ አለ አይደል፣ 8,640 ጫማ ነው፣ በሜትር 2,633 ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል እንጦጦን ግን አይደርስም። ይሄንን አገር ቤት ላለ ሰው ብትነግረው ብርዱንም ንፋሱንም ወዲያው ይረዳሃል፣ ካንተ በቀር ይሄን ሊያወዳድርለት የሚችል ማነው? መንገዱ በንፋስና በበረዶ ሲዘጋ ትራኮቹ ተደርድረው ሲያድሩ አጠገብህ የቆመው ማን ነበር፣ ፑንጃቢ ነው፣ ሶማሌ ነው፣ ዩክሬናዊ ነው? ምን ተባባላችሁ? ከቤት ቋጥረህ የወጣኸው እንጀራ ስንተኛው ቀን ላይ አለቀ? ጭነት የሚመድብልህ ዲስፓቸር ደውሎ ምን አለህ? እኔ ይሄን ማንበብ በጣም ነው የምፈልገው፣ ስለ ትልልቆቹ ከተሞች ብዙ ሰው ጽፏል ጭነት ስለሚጫንበትና ስለሚወርድበት ሎዲንግ ዶክ ግን በአማርኛ የጻፈ አላጋጠመኝም።

ጊዜውን ሕጉ ራሱ ሰጥቶሃል። 11 ሰዓት ከነዳህ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታህ ነው፣ እንቅልፍህን አትንካ፣ ከሱ ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። 8 ሰዓት ነድተህ የምትወስዳት 30 ደቂቃ እረፍት ላይ ሁለት መስመር ማስታወሻ ይበቃል፣ የሳምንቱን የስራ ሰዓት እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን የ34 ሰዓት እረፍት፣ ሪሴት የምትሉትን፣ ስትወስድ ደግሞ ስሊፐርህ፣ የትራኩ መኝታ ውስጥ ሆነህ ያንን ሰብስበህ ትጽፈዋለህ። መጻፍ ከሰለቸህ በድምጽ ቅዳው፣ ግን መኪናው ቆሞ፣ እባክህ እየነዳህ ስልክ እንዳትይዝ። ስትጽፍ ማይሉን ወደ ኪሎ ሜትር ቀይርልን፣ «ዳውን ታይም» ምናምን የምትሉትን የሙያ ቃል ግን አትተወው፣ አንዴ አስረዳንና ቀጥል፣ የናንተ ቋንቋ እሱ ነው።

«58 ዓመቴ ነው፣ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀረኝ። ከ30 ዓመት በላይ ፊልድ ስወጣ ማታ ማታ የዋልኩበትን የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። 19 ደብተር አለኝ። የበቅሎ ኪራይ ሳይቀር፣ በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ አልሄድም ብላ ያደርንበት ቀን ሳይቀር ጽፌያለሁ። ልጆቼ ምን ያደርጋል ይላሉ። እውነት ይጠቅማል?»

ጋሼ፣ መልእክትዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እንኳን ሊጠቅም፣ ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ እርስዎ ማንም ሳይመክርዎ ሲሰሩት ኖረዋል። የቀያሽ ሪፖርት ቢሮ ይገባል፣ ከፍታና ርቀት ይመዘገባል፣ ማን ቤት እንዳደሩ፣ ወንዙን ማን እንዳሻገርዎ፣ ያኔ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር ግን ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ያንን የያዘው የእርስዎ ደብተር ብቻ ነው። ዛሬ አስፋልት የገባባቸው ስንት ቦታዎች በደብተርዎ ላይ ገና በበቅሎ ነው የሚኬድባቸው!

እባክዎ ለማሳመር ብለው አይነካኩት። «ዛሬ ባስበው» እያሉ አይጨምሩበት፣ በእስክርቢቶም አይሰርዙ፣ ማስተካከል የሚፈልጉት ካለ ሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉት። መጀመሪያ ደብተሮቹን ከእርጥበት ያውጡልኝ፣ ሳጥን ውስጥ መሬት ላይ ከሆኑ ዛሬውኑ ቆጥ ላይ ያድርጓቸው። ቀጥሎ ከልጆችዎ አንዱን፣ ያንኑ ምን ያደርጋል ያለውን፣ መስኮት አጠገብ ቀን ብርሃን ላይ ገጹን አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ እንዲያነሳልዎ ያድርጉ፣ ፋይሉን በዓመተ ምህረቱ ይሰይመው፣ ሁለት ቦታም ይቀመጥ። እሱ እያነሳ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ያንብቡለት፣ እጅ ጽሑፍዎን ሌላ ሰው የማያነበው ቃል ካለ እዛው ይጽፈዋል። ይሄ በሳምንት አንድ ደብተር ቢሆን ከአምስት ወር አይበልጥም፣ ገና ስራ ላይ እያሉ ያልቃል። ታይፕ ማድረጉ ከዛ በኋላ ነው፣ ሁሉንም አይደለም፣ መርጠው።

በቅሎዋ አልሄድም ያለችበትን ቀን ግን መጀመሪያ ያስነሱት። ቀኑንና ቦታውን ሳይቀይሩ እንዳለ ይላኩልኝ፣ ፈቃድዎ ከሆነ በሚቀጥለው እትም እዚሁ አምድ ላይ እናወጣዋለን።