ከሌላ ቀጠና የመጣ ዲስክ እንቢ ሲል ሌዘሩን ለመንካት አይቸኩሉ

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ በእጃቸው ያለው ፕሌይስቴሽን 2 (ጌም የሚጫወቱበት ማሽን፣ ኮንሶል የሚባለው) ለአውሮፓ ገበያ የተሠራና ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። ከጃፓንና ከአሜሪካ የመጡ ጌሞች ገዝተው ቢያስገቡ አንዱም አልከፍት አላቸው፤ ከድሮዎቹ ጌሞቻቸውም ገሚሱ ይሠራል፣ ገሚሱ አይሠራም። ስለዚህ «ዲስኩን የሚያነብበትን የሌዘሩን ኃይል ላስጨምር ወይስ ማሽኑን ልተወው?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ ጉዳይ ተሳስቼ ደህና ሌዘር ያበላሸሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መልሴን ረዘም አድርጌ መጻፉን መርጫለሁ።

በእርስዎ ማሽን ላይ የተደረቡት ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ይመስሉኛል። ከውጭ የመጡት ዲስኮች በሙሉ እንቢ ማለታቸው የቀጠና ቁልፍ፣ ማለትም ማሽኑ ለተሸጠበት የዓለም ክፍል የተሠሩ ዲስኮችን ብቻ እንዲከፍት የሚያደርገው ገደብ፣ ምልክት ነው፤ ከራሱ ቀጠና ዲስኮች ገሚሱ ብቻ መሥራታቸው ደግሞ የእርጅና ምልክት ነው። ኮንሶሉ ዲስክ ሲገባለት አስቀድሞ የየትኛው ቀጠና እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ካልተስማማው ሌዘሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጌሙን አይከፍትም። ይህን ለማወቅ ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም። ከኮንሶሉ ጀርባ ኤስ ሲ ፒ ኤች ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ0 ካለቀ የጃፓን፣ በ1 ካለቀ የሰሜን አሜሪካ፣ በ4 ካለቀ የአውሮፓ ነው። በዲስኩ ላይ የታተመው መለያም እንዲሁ ይናገራል፦ ኤስ ኤል ፒ ኤም ወይም ኤስ ኤል ፒ ኤስ የጃፓን፣ ኤስ ኤል ዩ ኤስ የአሜሪካ፣ ኤስ ኤል ኢ ኤስ የአውሮፓ ነው።

የእኔ ስሕተት የጀመረው እዚህ ላይ ነበር። ከጃፓን የመጣ ጌም ሳስገባ፣ የፕሌይስቴሽን ዲስክ እንዳስገባ የሚጠይቀው ቀዩ ስክሪን ይመጣብኝ ነበር፤ ያረጀ ሌዘርም አንዳንዴ ይህንኑ ስክሪን ስለሚያመጣ፣ ሌላ ምክንያት ሳልፈልግ ማሽኑን ፈታሁት። ከሌዘሩ አካል ጎን ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ማስተካከያ አለች፤ እሷን ጥቂት አዞርሁ። ጌሙ አልተከፈተም። እንደገና አዞርሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀድሞ ያለ ችግር ይሠሩ የነበሩት ዲስኮቼ ሁሉ አንድ በአንድ መነበብ አቆሙ። ያንኑ የጃፓን ዲስክ አንድ ወዳጄ ዘንድ በነበረ የጃፓን ኮንሶል ላይ ስናስገባው ግን ወዲያው ተከፈተ። ያቺ ማስተካከያ ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን የምትወስን ናት፤ ሲጨምሩለት ለጊዜው የሚያነብ ይመስላል፣ ነገር ግን ቀሪ ዕድሜውን ነው የሚያቃጥሉት። ስለዚህ እርስዎ እንዳይነኳት አጥብቄ እለምናለሁ።

የእርጅናውን ችግር ለመለየት እንቢ ያሉትን የአውሮፓ ዲስኮች ገልብጠው የጀርባቸውን ቀለም ይመልከቱ። የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ከጀርባው ሰማያዊ ከሆነ ሲዲ ነው፤ ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው። ማሽኑ ሁለቱን የሚያነብባቸው በተለያየ የብርሃን ዓይነት በመሆኑ፣ አንደኛው ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰማያዊዎቹ ብቻ ወይም ብርማዎቹ ብቻ እንቢ ካሉ ድካሙ የሌዘሩ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከሁለቱም የተቀላቀለ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆሻሻ ነው። ሌንሱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ የጥጥ እንጨት ሳይጫኑ ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ የደረቀውን ግራሶም አንሥተው በስሱ አዲስ ይቀቡት። ዓመታት የቆየ ግራሶ እንደ ሙጫ ስለሚይዘው፣ ሌዘሩ ወደ ዲስኩ ጠርዝ መድረስ ያቅተዋል።

የውጭውን ጌም መፈለግዎ ተገቢ መሆኑንም ልናገር። የአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል በሰከንድ 50፣ የጃፓንና የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 60 ጊዜ ምስል ስለሚያድስ፣ በተለይ በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዘመን ሳይስተካከሉ ወደ አውሮፓ የተሸጋገሩ ጌሞች አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገዩ ነበር። ያንን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል።

ለቀጠናው ቁልፍ ብዙዎች የቀጠና ማረጋገጫውን የሚያሳልፍ ቺፕ ማስበየድን ይመክራሉ። እኔ ግን ባረጀ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ መበየድ ካለው ችግር የባሰ እንደሚያመጣ ስላየሁ፣ ጌሞቹ ከመጡበት ቀጠና የሆነ ሁለተኛ ኮንሶል መግዛትን እመርጣለሁ። የጃፓኑን ከመረጡ የኃይል ሳጥኑ ለ100 ቮልት የተሠራ መሆን አለመሆኑን ከጀርባው ያንብቡ፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ቮልት ላይ ከሰኩት በመጀመሪያው ቅጽበት ይቃጠላል። የቆየ የፓል ቴሌቪዥን ካለዎት ደግሞ ምስሉ ያለ ቀለም ሊመጣ ወይም ሊንከባለል ይችላል፤ ይህ የኮንሶሉ ብልሽት አይደለም።

ጌሙ ከተከፈተም በኋላ የሚያስመርር ነገር አለ። በጃፓን ጌሞች «እሺ» የሚለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ክቡ ነው፤ ኤክሱ መሰረዣ ነው። ሦስት ሌሊት የተጫወትሁትን ጌም ላስቀምጥ ስል፣ ጽሑፉን ማንበብ ስለማልችል ጣቴ እንደ ለመደው ኤክሱን ተጫነ፤ ሳጥኑ ከስክሪኑ ሲጠፋ የተቀመጠ መስሎኝ ማሽኑን አጠፋሁት። በማግሥቱ ሜሞሪ ካርዱ ባዶ ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ ገና አምስት ደቂቃ ሳይጫወቱ ያስቀምጡና ካርዱ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። የአውሮፓውን እትም ተጫውተው ያስቀመጡትን በጃፓኑ እትም እቀጥላለሁ ብለው አያስቡ፤ የአንድ ጌም እትሞች እንኳ የሚያስቀምጡት በየራሳቸው መለያ በመሆኑ አይተዋወቁም።

የኮንሶሉን ሙሉ ቁጥርና እንቢ ያሉትን የአውሮፓ ዲስኮች የጀርባ ቀለም ቢጽፉልን፣ ሌዘሩ መጠረግ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ወይም መለወጥ ያስፈልገው እንደሆነ አብረን መለየት እንችላለን።