የሙዚቃ ጥያቄና መልስ፦ ከመደርደሪያ የወጡ አሮጌ ቅጂዎች

(በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቤኒ ጉድማን ኦርኬስትራ በ1938 ኒው ዮርክ በሚገኘው የካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበውን የስዊንግ (ለዳንስ የሚመች የጃዝ ዓይነት) ኮንሰርት የያዘ ሲዲ ወንድሜ ከውጭ አገር ላከልኝ። ሽፋኑ ላይ ከዋናዎቹ ዲስኮች እንደ አዲስ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሎ ሲቆላ እንደሚሰማው ያለ መንጣጣት አለበት። አባቴ የነበራቸው የዚሁ ኮንሰርት ሸክላ ግን ከዚህ ይልቅ የጠራ ነበር። ሲዲው የተበላሸ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ሲዲው አልተበላሸም። ከገለጻዎ እንደምረዳው በእጅዎ ያለው ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1999 ያወጣው እትም ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ አድማጮች በዚያ እትም ላይ የሚያነሡት ቅሬታም ይኸው የእርስዎ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1938 ምሽት ኦርኬስትራው ሲጫወት ድምፁን የተቀበለው ከመድረኩ በላይ የተንጠለጠለ አንድ ማይክሮፎን ሲሆን፣ ከዚያ በሽቦ ከአዳራሹ ውጭ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ተላልፎ በዲስኮች ላይ ተቀረጸ። ዲስኮቹ ለገበያ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ተረስተው ከቆዩ በኋላ፣ ኮሎምቢያ በ1950 በሸክላ አሳተማቸው። የአባትዎ ሸክላ ከዚህ እትም ወይም እርሱን ተከትለው ከወጡት አንዱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጩኸቱን ለማስወገድ ሲሞከር ነው። የዲስኩ መንጣጣትና ሽሽታ በአብዛኛው የሚገኘው የከበሮ መቺው የጂን ክሩፓ ሲምባል (ከነሐስ የተሠራው ሳህን)፣ የመለከቶቹ ሹል ጫፍና የአዳራሹ ጭብጨባ በሚገኙበት በቀጭኑ የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ተራ ማጣሪያ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማንሣት አይችልም፤ ጩኸቱ በቀነሰ ቁጥር ሲምባሉም አብሮ ይደበዝዛል። የ1999ኙ እትም አዘጋጅ ፊል ሻፕ ወደ ዋናዎቹ ዲስኮች ተመልሶ ሙዚቃው ከሚጎዳ ጩኸቱ እንዳለ ይቆይ ብሎ መርጧል። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። በኮንሰርቱ ማብቂያ አካባቢ፣ ረጅሙ የከበሮ ትርኢት ጋብ ሲል፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ጄስ ስቴሲ ሳይታሰብ ብቻውን እንዲጫወት ዕድል የተሰጠበትን ክፍል በሁለቱም ቅጂዎች አንድ በአንድ ቢያዳምጡ፣ ልዩነቱን ያለ እኔ ማብራሪያ ይለዩታል ብዬ አምናለሁ። በምግብ ሰዓት ለእንግዳ የሚከፈት ከሆነ ግን የአባትዎ ሸክላ ይሻላል፤ ይህም ነውር የለበትም።

ስዊንግ ከወደዱ የቢል ሳቮሪን ስብስብ እንዲፈልጉ እመክራለሁ። በዚያ ዘመን ባለ አሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ እኛ ዛሬ የምናውቀው የስዊንግ ሙዚቃ በአብዛኛው ለሦስት ደቂቃ እንዲበቃ የተከረከመ ነው። ሳቮሪ የተባለው የኒው ዮርክ የድምፅ ባለሙያ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከዳንስ አዳራሾችና ከክለቦች በሬዲዮ የሚተላለፈውን ሙዚቃ፣ ከሸክላው በሰፉና በዝግታ በሚሽከረከሩ ዲስኮች ላይ ይቀርጽ ነበርና፣ ሙዚቀኞቹ ሰዓት ሳይቆጣጠራቸው የተጫወቱትን ሳይቆርጥ ለመያዝ ቻለ። ለምሳሌ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልማን ሃውኪንስ ኦክቶበር 1939 በስቱዲዮ በሦስት ደቂቃ የቀረጸው «ቦዲ ኤንድ ሶል» እጅግ ታዋቂ ነው፤ በሳቮሪ ዲስኮች ውስጥ በተገኘው የ1940 ቅጂ ግን ይኸው ዜማ እጥፍ ሊሆን የቀረበ ርዝመት አለው፤ የሃውኪንስ ሐሳብ ወዴት ይሄድ እንደነበርም ያን ጊዜ ይገለጣል። ሳቮሪ ወደ 1,000 የሚጠጉትን ዲስኮች በሕይወት እያለ ከሞላ ጎደል ለማንም አላሰማም። በ2004 ካረፈ በኋላ ልጁ ለሃርለም ብሔራዊ የጃዝ ሙዚየም በ2010 አስረከበ፤ ከ2016 ጀምሮም የተመረጡት በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርበዋል። አንዳንዶቹ ዲስኮች ግን በመሰነጣጠቃቸውና በመላላጣቸው ያለ ተስፋ ጠፍተዋል።

ጥያቄ፦ የቢትልሶች የ1966 አልበም «ሪቮልቨር» በ2022 እንደገና ሲወጣ «አዲስ ሚክስ» ተብሏል። ሙዚቃው ተነክቷል ማለት ነው? ወይስ የማሻሻጫ ስም ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ተነክቷል፤ ነገር ግን አንድም አዲስ ኖታ አልተጨመረበትም። አልበሙ የተቀረጸው በአራት ትራክ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የድምፅ መስመሮች) ብቻ በመሆኑ፣ ለምሳሌ ከበሮው፣ ቤዙና ጊታሩ በአንድ ትራክ ላይ ተደራርበው ነበር፤ እንደዚያ የተደራረበውን ለያይቶ እንደገና ማመጣጠን (ሚክስ ማድረግ) ደግሞ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ነበር። የአዲሱ ሚክስ አዘጋጅ ጃይልስ ማርቲንና ባልደረባው ሳም ኦኬል እንደ ሰው ጆሮ ድምፅን ከድምፅ መለየት በተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትራኮቹን በታትነው እያንዳንዱን መሣሪያ የራሱ ቦታ ሰጥተውታል። በተለምዶ «ሪማስተር» የሚባለው ሥራ ግን እንዲህ አይበታትንም፤ የተጠናቀቀውን ቅጂ በጥቅሉ ያጠራል እንጂ። የቀድሞውን በደንብ የሚያውቅ ሰው በአዲሱ ይደሰታል፤ አልበሙን ገና ለሚተዋወቅ ግን በዚያው ትልቁ እትም ውስጥ የተካተተውን የ1966ቱን ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ የተዘጋጀ) ቅጂ አስቀድሞ መስማቱ ይበጀዋል።

ጥያቄ፦ እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ካረፉ በኋላ አዳዲስ አልበሞች እየወጡላቸው መሆኑን ሰማሁ። ሙዚቃቸው በሱቅ አንዴ ከጃዝ፣ አንዴ ከዓለም ሙዚቃ ጋር ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ምን ብዬ ልያዘው? በየትኛውስ ልጀምር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የክላሲካል ፒያኖ ሙዚቃ ብለው ይያዙት። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ ከቫዮሊን ሊቁ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረዋል፤ በመካከሉም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያኗ አዚናራ ደሴት ተግዘው ነበር። በግሸን ማርያም መንኩሰው ዓመታት ካሳለፉ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በድርሰቶቻቸው ውስጥ የአውሮፓው የፒያኖ አጨዋወት ግልጽ ነው፤ ዜማው ግን በአገራችን ቅኝቶች ላይ ይመላለሳል፤ ምቱም እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲፈልግ ይዘገያል፣ ሲፈልግ ይፈጥናል። ማሻሻጫው «የኢትዮጵያ ጃዝ» የሚላቸው ምናልባት በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ የአልበም ተከታታይ ቁጥር 21 ሆነው ስለወጡ፣ ያ ተከታታይም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ ስለሚታወቅ ይመስለኛል። ይህ ስም ለእርሳቸው ሰፊ አይደለም፤ ጠባብ ነው።

መጀመሪያ ያንን ቁጥር 21 ይግዙ፤ በ1967 በጀርመን አገር ያሳተሟቸው የመጀመሪያ ሸክላዎች መንፈስ ከሁሉ የሚገኝበት እርሱ ነው። ማርች 2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የወጣው «ኢየሩሳሌም» ሁለተኛ ይሁን። በ2024 የወጣው «ሱቬኒርስ» ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በቤታቸው ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ሲዘምሩ በካሴት የተቀረጹ መዝሙሮች ናቸው። ድምፁ ይርቃል፣ ከውጭ የወፎች ድምፅ ይገባል። ካሴት ካሴት ይሸታል ብለው እንዳይተዉት፤ ከደሴ ለጻፉልን አንባቢ የሰጠሁት መልስ እዚህም ይሠራል። ፒያኖ ብቻ የሚሹ ከሆነ ግን ይህንኛውን ለኋላ ያቆዩት።