ስለ ረሃብና ስለ እርሻ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው «ስለ ረሃብ፣ ስለ እርዳታ፣ ስለ እርሻ የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የዕድሜዬን ግማሽ በግብርና ሥራ ነው ያሳለፍኩት፤ የማውቀውን ያህል ልመልስ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ለመሆኑ ዓለም ላይ በቂ እህል አለ? ወይስ ሰው በዝቶ ነው? (ከፒያሳ)

አለ፣ ተትረፍርፎ። ዓለም በዓመት 2.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝና የመሳሰለውን እህል ያመርታል። ለ8 ቢሊዮን ሰው ብታካፍለው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በነፍስ ወከፍ ሦስት ኩንታል ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ሥጋው ሳይቆጠር። ግን ከዚህ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ለከብትና ለዶሮ መኖ ይውላል። ከፊሉ የመኪና ነዳጅ ይሆናል። የቀረው ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

ይህን እኛ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። የ1973ቱን የወሎ ረሃብ ያጠናው ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ወሎ እየተራበ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ እህል ይጫን ነበር! የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውም የሚገዛበትም አብሮ ነው የጠፋው። የሚገዛ ሰው ያለው እዚህ ነበርና እህሉም ወደዚህ መጣ። ስለዚህ ስለ ረሃብ ስትጠይቅ ጎተራውን ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ጠይቅ።

2030 ላይ ረሃብ ዜሮ ይገባል ተብሎ አልነበር? የት ደረሰ?

ተብሎ ነበር፣ በ2015። አይሳካም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የ2025ን የረሃብ ሪፖርታቸውን ያወጡት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በሐምሌ 2025ቱ የምግብ ሥርዓት ጉባኤ ላይ። በ2024 የተራበው ሰው 673 ሚሊዮን ነው። በዓለም ደረጃ ትንሽ ቀንሷል። የቀነሰው ግን እስያና ደቡብ አሜሪካ ነው። አፍሪካ ውስጥ ጨምሮ ከ300 ሚሊዮን አልፏል፤ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2030ም 512 ሚሊዮን ሰው ይራባል ብለው ይገምታሉ፣ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ።

ካዛንቺስ ነው የምሠራው። ሆቴሉ ሁሉ ሁሌ ጉባኤ ነው። ከዚህ ሁሉ ስብሰባ ጠብ የሚል ነገር አለ?

እውነት ለመናገር፣ ብዙው ወረቀት ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ2003 ማፑቶ ላይ «ከበጀታችን 10 በመቶውን ለግብርና» አሉ። በ2014 ማላቦ ላይ «በ2025 ረሃብን እናጠፋለን» አሉ። 2025 ሲደርስ ካምፓላ ላይ አዲስ ቃል ተገባ። አሥር በመቶውን በየዓመቱ ያደረሰ አገር ጥቂት ነው።

ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩት። ብራዚልን ውሰዱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለድሃ ቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ መስጠት ጀመረች፤ አብዛኛውን ጊዜ በእናትየው ስም። የትምህርት ቤት ምገባንም አሰፋች። በ2009 ደግሞ ለምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች እንዲገዛበት በሕግ ደነገገች። እኔ ይህቺን አንቀጽ ነው የምወዳት። ልጁ ይበላል፤ ገበሬው ደግሞ ሳይዘራ በፊት ማን እንደሚገዛው ያውቃል። በ2014 ብራዚል የተባበሩት መንግሥታት ብዙ ሰው የሚራብባቸውን አገሮች ከሚያሳይበት የረሃብ ካርታ ወጣች። በጀቱ ሲቆረጥ ተመልሳ ገባች። እንደገና ሲመደብ በ2025 እንደገና ወጣች፤ ዜናው የተነገረውም በዚያው የአዲስ አበባ ጉባኤ ሰሞን ነው። ረሃብ በፖሊሲ ይወጣል፣ በፖሊሲ ይመለሳል።

እኛም ከተማ የተማሪዎች ምገባ አለ። ከፖለቲካው ውጪ ልናገርና፣ ጥሩ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ምስሩና ጎመኑ ከማን ይገዛል? ከነጋዴ ነው ወይስ በቀጥታ ከገበሬ ማኅበር?

ኬሚካል ማዳበሪያ ትተን ወደ ኦርጋኒክ ብንመለስስ?

ቀስ በቀስ፣ አዎ። በአንድ ጀምበር ግን አይሆንም። ስሪላንካ በ2021 ኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ድንገት ከለከለች። የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለ፣ ሻዩም ተጎዳ፣ በወራት ውስጥ እገዳውን አነሱት። ኮምፖስት አፈሩን ያድሳል፤ ብቻውን ግን በመጀመሪያው ዓመት የዩሪያን ቦታ አይሸፍንም።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የምትጨምረው ማዳበሪያ ሙሉ ጥቅሙን ሳይሰጥ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ድንጋይ ነው፣ አገር ውስጥ ሞልቷል። ግን ለአንድ ሄክታር በኩንታል ሳይሆን በቶን ነው የሚያስፈልገው፣ መኪና አይቀርብበትም፣ ሪባን የሚቆርጥለትም የለም።

እናቴ ከገጠር በቆሎ ትልክልኛለች፤ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ምን ላድርግ? (ከአራት ኪሎ)

እህቴ፣ ከጥያቄው ሁሉ ደስ ያለኝ ያንቺ ነው። ፒክስ የሚሉት ከረጢት አለ። ውጪው ተራ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። መጀመሪያ በቆሎው በደንብ መድረቁን አረጋግጪ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ነቅንቂና ሩብ ሰዓት ተዪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ይፈልጋል። ካልተለጠፈ ውስጠኛው ላስቲክ ውስጥ ሙዪና አየሩን ጨምቀሽ አውጪ። ከዚያ አንዱን ላስቲክ ጠምዝዘሽ እሰሪ፣ ሁለተኛውንም፣ በመጨረሻ ጆንያውን። ነቀዙ ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርስና ያልቅለታል። መድኃኒት አያስፈልግም። ብቻ በየሁለት ቀኑ እየፈታሽ አትዪው፤ አይጥም እንዳይበሳው። ጤፍ ከሆነ አትጨነቂ፣ ነቀዝ አይደፍረውም።

ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ነገር ነው። ዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 13 በመቶ ያህሉ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ከመቂ የመጣ የቲማቲም ሳጥን ከሥሩ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይገርመውም።

የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጎመን መትከል ዋጋ አለው?

ለወጥሽ አለው፣ ለዓለም ረሃብ የለውም። ቆስጣም ጎመንም በጆንያ አፈር ይበቅላል። ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ከሚጠጣው አትክልት ግን ያንቺ ይሻላል፤ እዚያ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል።

ልጄ ግብርና ላጥና ትላለች። አባቷ «ለገበሬነት ነው ያስተማርኩሽ?» ብሎ ተቆጣ። (ከሜክሲኮ)

ለአባቷ ስለ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ይንገሩልኝ። ዓለማያ ነው የተማሩት። አቀንጭራን ያውቁታል? ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ተከታትለው ኬሚካሉን እምብዛም የማያወጣ ማሽላ አዳቀሉ። አረሙ አይነቃም። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ልጅዎ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከወደደች ትግባበት፤ ማታ ከአባቷ ጋር እኔም በስልክ ላወራ ዝግጁ ነኝ።